ሂክማ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምትገባባቸው ቤቶች

ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እስካሁን ለማንም በወጉ ተርኬው አላውቅም። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር፤ ሰዎቹ መሐል ላይ «ልጅ ወፈረች ተብሎ ደግሞ ይታዘናል እንዴ?» እያሉ ሲያቋርጡኝ ተውኩት። በጽሑፍ ግን የሚያቋርጠኝ የለምና እስኪ ልጻፈው።

መካነ ሰላም ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከገበያው ከፍ ብሎ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ፤ ከመጋረጃው ወዲህ ሱቄ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ቤቴ ነው። አግብቼ ፈትቻለሁ፣ ልጅ አልወለድኩም። ሰው «ፋጡማ ዝጉ ናት» ይለኛል፤ አልተሳሳተም። ሰው ቤት ሄዶ መቀመጥ አይሆንልኝም። ልብስ ሊያሰፋ ከመጣ ሰው ጋር ግን ስለ እጅጌና ስለ ኮሌታ ቀኑን ሙሉ ባወራ አይሰለቸኝም።

ታናሽ እህቴ መዲና አረብ አገር ስትሄድ ልጇን ሂክማን ለኔ ትታ ሄደች። ልጅቱ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ አባቷ በሕይወት የለም። መዲና መኪናው ላይ ከመውጣቷ በፊት «ፋጡማ፣ አደራ» ብቻ አለችኝ። የአገሬ ሰው ይህች ቃል ምን ያህል እንደምትከብድ ያውቃል። የገዛ ልጅህ ቢከሳ «ጠባዩ ነው» ይባልልሃል። የአደራ ልጅ ከከሳ ግን አደራ በላ ትባላለህ፤ ይህ ስም ደግሞ አንዴ ከተለጠፈ በሳሙና አይለቅም።

ስለዚህ አበላኋት። ጠዋት ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ ከዳቦ ጋር፣ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ብስኩት፣ ስትመለስ ምሳ፣ ምሳው ላይ ለስላሳ። «በቃኝ» ስትል «ለእናትሽ ስትዪ» እያልኩ ጨመርኩላት። መዲና አርብ አርብ ከሰዓት በኋላ እረፍት ስላላት በቪዲዮ ትደውላለች። መጀመሪያ የምትለኝ «ጉንጯን አሳዪኝ» ነው። ስልኩን አስጠግቼ አሳያታለሁ። «ማሻ አላህ፣ አልሃምዱሊላህ፣ ወፍራልኛለች» ስትል ልቤ ቅቤ ይጠጣል። ሌላ ምስጋና አልፈልግም ነበር።

አንድ ነገር ግን ልናገር። ሱቄን ምሳ ሰዓት ላይ ዘግቼ አላውቅም። ሂክማ ከመጋረጃው ኋላ ብቻዋን ትበላለች፤ እኔ ደግሞ ከስፌት መኪናው ሳልነሳ አንድ ሁለት ጎርሼ ሥራዬን እቀጥላለሁ። ያኔ ይህ ቁም ነገር ነው ብዬ አላሰብኩም።

ሦስተኛ ክፍል ስትደርስ የዩኒፎርሟን ወገብ በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ፈትቼ አስፋሁት። የከተማውን ሰው ወገብ የምለካ ሴት፣ ክሩን እየፈታሁ «እያደገች ነው» እል ነበር። ቁመቷ ግን ያው ነው። ዳገት ስትወጣ ታለከልካለች። ጉልበቴን አመመኝ ትላለች። ስትተኛ እንደ ትልቅ ሰው ታንኮራፋለች። ልጆቹ ትምህርት ቤት ውስጥ ስም አውጥተውላታል፤ ስሙን እዚህ አልጽፈውም። በመጨረሻ የስፖርት መምህሯ አስጠራኝና «ሩጫ ላይ ትንፋሽ እያጠራት ነው፣ ጤና ጣቢያ ውሰጂያት» አለኝ።

ወሰድኳት። ወረፋው ላይ ያሉት እናቶች ሁሉ የቀጫጭን ሕፃናትን ክንድ ሊያስለኩ የመጡ ናቸው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሥዕልም ስለ ከሳ ልጅ ነው። አጠገቤ የነበረች የገጠር ሴት «ምኗን ነው ያመማት?» ብላ ጠየቀችኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ውፍረት ነው» አልኳት። ልጅቱን አየች፣ ጀርባዋ ላይ ያዘለችውን ልጇን ነካ አደረገችና «እንዲህ ያለውን በሽታ ለኛም ይስጠን» አለች። በክፋት አልነበረም። ሰዎቹ ሳቁ። ያን ሰዓት ያህል ብቻዬን የቆምኩበት ጊዜ አላስታውስም።

ሲስተሯ ግን አልሳቀችም። መዘነቻት፣ ቁመቷን ለካች፣ ካርድ ላይ ጻፈች። ከዚያ ሂክማን «ውጪ ሆነሽ ጠብቂን የኔ ቆንጆ» ብላ አስወጣቻት።

«ክብደቷ ከዕድሜዋና ከቁመቷ በላይ ሆኗል» አለችኝ። «ግን አታስርቢያት። እንድትከሳ አንፈልግም። ገና በማደግ ላይ ናት፤ ክብደቷ ባለበት ከቆመ ቁመቷ ይደርስበታል። ለስላሳውንና ብስኩቱን ከቤት አስወጪ፤ ለሷ ብቻ ሳይሆን ላንቺም። የሻይዋን ስኳር ቀንሺ። ከልጆች ጋር ትጫወት፣ በእግሯ ትሂድ። አብራችሁ ብሉ፣ ቀስ ብላ ትብላ። ስለ ውፍረቷ ደግሞ አትናገሪያት።»

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ጆሮዬ ይዞ የወጣው «ቀንሺ» የምትለዋን ብቻ ነው። «አብራችሁ ብሉ» ያለችውንማ እንደ ምርቃት ቆጠርኩት።

ቤት ገብቼ ስኳሩን ቆለፍኩበት። ሁለት እንጀራ የነበረውን አንድ አደረግኩት። ለሰፈሩ ባለሱቅ «ለሂክማ ብስኩት እንዳትሸጥላት፣ ገንዘብ ይዛ ብትመጣም» ብዬ ነገርኩት። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። ለጎረቤትም አልነገርኩም፤ ምን አገባቸው ብዬ ነዋ። ዝጉነቴ ያመጣብኝ ጣጣ ከዚህ ይጀምራል።

ሂክማ አልተከራከረችም፣ አላለቀሰችም። የሰጠኋትን በልታ ሳህኗን ታጥባለች። ከትምህርት ቤት ዘግይታ ስትመጣም ስፌት ላይ ስለሆንኩ ልብ አላልኩትም። እኔም ነገሩ ቀላል መሰለኝ።

ከሦስት ወር በኋላ ለክትትል ስንሄድ ክብደቷ ጨምሯል። ሲስተሯ ካርዱን አየች፣ እኔን አየች። «ሌላ የምትበላበት ቦታ ይኖራል?» አለችኝ በቀስታ። «የለም» አልኩ። ፊቴ ጋለ። የዋሸሁ መስሎ ተሰማኝ።

ገና ቤት እንደገባን የደብተር ቦርሳዋን ዘረገፍኩት። ከደብተሮቹ መሐል ቁራሽ ድፎ ዳቦና በፌስታል የታሰረ ቆሎ ወደቀ። «ሌባ» አልኳት። በጥፊም መታኋት። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም መትቻት አላውቅም፤ ይህ ግን የሠራሁትን አያቀለውም። ሂክማ ጉንጯን ይዛ «አልሰረቅኩም» አለችኝ፣ ከዚያ ደብተሮቿን አንድ በአንድ ለቅማ የቤት ሥራዋን ልትሠራ ተቀመጠች።

በማግስቱ ሱቄን በቀን ዘጋሁ። ሰፈሩ የታመምኩ ሳይመስለው አልቀረም። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ከትምህርት ቤቱ በር ፈንጠር ብዬ ቆምኩ። ልጆቹ በቡድን በቡድን እየተሯሯጡ ወጡ። ሂክማ ከሁሉም ኋላ ብቻዋን ወጣች። ማንም አልጠበቃትም፣ እሷም ማንንም አልጠራችም። ኋላ ኋላዋ ሄድኩ።

መጀመሪያ የገባችው ሐዋ ቤት ነው። ሐዋ የእህቴ የትምህርት ቤት ጓደኛ ናት፤ አራት ልጆች አሏት። በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉም ይታየኛል። ልጆቹ ምሳ ላይ ነበሩ። «ነይ ሂክምዬ፣ ጠጋ በዪ» አለቻት ሐዋ። ልጅቱ ከልጆቹ መሐል ተሸጉጣ ተቀመጠች። ምሳው እስኪያልቅ ቆየች። ልጆቹ ሊተኙ ሲሉ ተነስታ ወጣች።

ሁለተኛው የማላውቃቸው ተከራዮች ቤት ነው። ከዚያም ድንች ይዛ ወጣች።

ሦስተኛው የእትዬ ዘነበች ቤት ነው። እትዬ ዘነበች ዳቦ እየጋገሩ የሚሸጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው። ሂክማ ስትገባ ድምፃቸው እስከ ውጪ ተሰማ። ሂክማም ስታወራ ሰማኋት። ይህች እኔ ቤት ውስጥ «እሺ» እና «በላሁ» ብቻ የምትል ልጅ፣ አንዱ ልጅ መምህሩን እንዴት እንዳናደደ የመምህሩን ድምፅ እያስመሰለች ትተርካለች። እትዬ ዘነበች ይስቃሉ። ቆሜ ሰማሁ። የሂክማን ሳቅ ከሰማሁ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነኝ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም።

ከዚያ ገባሁ። ሂክማ ዳቦውን እንደያዘች ደረቀች። እትዬ ዘነበች ግን አልደነገጡም።

«ገና አሁን መጣሽ?» አሉኝ። «ልጅቱ ስትራብ ዝም ብዬ ልይ እንዴ? ባለሱቁ እንኳ እንዳይሸጥላት ከልክለሻል። ወላሂ ፋጡማ፣ ካንቺ ይሄን አልጠበቅኩም።»

«እትዬ፣ ሐኪም እኮ ነው ያዘዘኝ።»

«ሐኪም ልጅ አስርቡ ይላል? እናቷ በሰው አገር እየተንከራተተች!»

ወደ ሂክማ ዞርኩና «ርቦሽ ነው?» አልኳት።

ዳቦውን አየች። «አይ፣ አልራበኝም» አለች።

«ታዲያ ለምን ትበያለሽ?»

«ካልበላሁ ምን ብዬ እቀመጣለሁ?»

እኛ አገር ቤት የገባ ሰው ሳይቀምስ አይወጣም፤ አልቀምስም ያለ ደግሞ ቸኩሏል ተብሎ ይሸኛል። ልጅቱ ይህን አውቃዋለች። ሰው መሐል መቀመጥ ከፈለገች መብላት እንዳለባት ማንም ሳይነግራት ገብቷታል። የሲስተሯ ንግግር ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ምርቃት አልነበረም፤ መድኃኒት ነበር ያዘዘችልኝ። ሂክማ እኔ ጋ ከመጣች ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ ከእሷ ጋር ከአንድ ሳህን የበላሁበትን ቀን ብቆጥር በዓል በዓሉ ብቻ ነው።

እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ቆይተው «እኔም እኮ ልጄ» አሉኝ፣ «እሷ ስትመጣ ነው አፌን የምፈታው። ዳቦውን የምሰጣት ቶሎ እንዳትሄድብኝ ነው።»

ያን ቀን ሦስታችንም እዚያው ቆየን። እኔ ሰው ቤት መቀመጥ የማልወደው ሴትዮ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ስለ ጤና ጣቢያው፣ ስለ ትንፋሿ፣ ስለ ጉልበቷ ነገርኳቸው። «ይሄን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከዚያ በኋላ ሂክማ ስትመጣ ሥራ ሊያሲዟት፣ ዳቦውን ቤት ለቤት አብራቸው እንድታደርስ ተስማማን። አብሽሪ ብለው ሸኙኝ። ልቤ ትንሽ ተረጋጋ።

ግን ረፍዶ ነበር። ሐዋ ቀደም ብላ ለእህቴ «ልጅሽ በሰው ቤት ለቅማ ነው የምትበላው» ብላ መልእክት ልካላታለች። አርብ ዕለት መዲና ደወለች። ያን ቀን ጉንጯን አሳዪኝ አላለችም።

«እኔ እዚህ የሰው ልጅ ሳጎርስ ነው የምውለው» አለችኝ። «አልበላም ሲለኝ እየለመንኩ። የኔ ልጅ ጎረቤት ትለምን?»

አስረዳኋት። ካርዱን ካሜራው ላይ አሳየኋት። አልሰማችኝም፤ ያላመነችኝም አይመስለኝም፣ ብቻ ልቧ ተሰብሯል። «አያቷ ልውሰዳት ካሉ ቆይተዋል» አለች። አያቷ፣ የአባቷ እናት፣ ከመካነ ሰላም ራቅ ብሎ ገጠር ውስጥ ከልጆቻቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ከዚያ «ስልኩን ለሂክማ ስጪያት፣ ራሷ ትናገር» አለችኝ።

ስልኩን ሰጠኋት። መዲና «ማን ጋ መሆን ትፈልጊያለሽ የኔ እናት? አክስትሽ ጋ ወይስ አያትሽ ጋ?» ብላ ጠየቀቻት። ሂክማ እኔን አላየችኝም። ምንጣፉን ነበር የምታየው። ሳትመርጥ እንድትቀር፣ ወይ እንድታለቅስ፣ ብቻ የሆነ ነገር እንዲሆን በልቤ ለመንኩ።

«አያቴ ጋ» አለች። «እዚያ ልጆች አሉ።»

ልቆጣት አልቻልኩም፤ በምን ላይ ነው የምቆጣት?

ፈተናዋን እስክትጨርስ አንድ ወር አብረን ነበርን። ያን ወር ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሱቄን እየዘጋሁ ከመጋረጃው ኋላ አብሬያት በላሁ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ምን እንደምናወራ አናውቅም ነበር። እሷ ቶሎ ቶሎ ትጎርሳለች፣ እኔ ሳህኑን አያለሁ። ብቻውን የሚበላ ሰው ለካ ይፈጥናል፤ የሚጠብቀው የለማ። በሁለተኛው ሳምንት የመምህሩን ድምፅ አስመስላ አሳየችኝ። እኔም አንድ ደንበኛዬ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ካስለካኝ በኋላ ሱሪው እንዴት እንደጠበበው ነገርኳት። የጎረሰችውን እስክትተፋ ሳቀች። ስኳሩን ከቁልፍ አወጣሁት፤ እኔም ሻይዬን ያለ ስኳር መጠጣት ጀመርኩ። ከሰዓት በኋላ ከእትዬ ዘነበች ጋር ዳቦ ስታደርስ ከተማውን ታካልላለች። ሐሳቧን ትቀይር ይሆናል ብዬ በልቤ ተስፋ አደረግኩ። አልጠየቅኳትም፤ እሷም አላነሳችውም።

አያቷ መጡ። ሂክማን ባዩ ጊዜ «ማሻ አላህ፣ ደህና አድርገሽ ነው ያሳደግሽው» ብለው መረቁኝ። የመኪናው ጥሩምባ እየጮኸ ካርዱን ሰጠኋቸውና የሲስተሯን ትእዛዝ ነገርኳቸው። «ስኳርና ለስላሳ እንዳታበዙባት» ስላቸው ሳቁ። «ከየት አምጥቼ ልጄ?» አሉኝ። «እዚያ ስድስት ልጅ ነው ከአንድ ገበታ የሚበላው። የዘገየ ጦሙን ነው።»

«ብቻዋን እንዳትበላ ብቻ» አልኳቸው።

«ብቻ መብላት የሚባል እኛ ቤት የለም» አሉና ሂክማን ይዘው ተሳፈሩ። በመስኮቱ በኩል እጇን አወዛወዘችልኝ።

ከዚያ ወዲህ የልጁን ዩኒፎርም ወገብ አስፊልኝ የሚል ወላጅ ሲመጣ ዝም አልልም። ስለ ለስላሳው፣ ስለ ብስኩቱ፣ ስለ ሩጫው እነግራለሁ። በመጨረሻም «ከማን ጋር ነው የሚበላው?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ «ምን አገባት?» በሚል ዓይን ያየኛል። እኔም እንዲያ ነበርኩ።

ባለፈው ዓረፋ ልጠይቃት ሄድኩ። ሁለት መኪና ቀይሬ፣ የቀረውን በእግሬ ነው የደረስኩት። ሂክማ ቁመቷ ጨምሯል። አሁንም ክብ ናት፤ ፊቷም ያው የእናቷ ፊት ነው። ግን ከአጎቷ ልጆች ጋር ተዳፋቱን ስትሮጥ አየኋት። የመጨረሻዋ እሷ ነበረች። እየሳቀች ነው የምትሮጠው፣ ሌሎቹም ዞረው ይጠብቋታል። አያቷ ለምግብ ሲጠሯት «ቆይ፣ መጣሁ» አለች። ሦስቴ ተጠርታ ነው የመጣችው። ገበታው ላይ አጠገቤ ተቀምጣ እያወራች ትንሽ በላችና ተመልሳ ሮጠች። ደስ አለኝ። ቀናሁም፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ነው የተሰማኝ።

ልመለስ ስል እስከ መኪናው መንገድ ሸኘችኝ። እጄን ይዛ «አክስቴ፣ አንቺ አሁን ከማን ጋር ነው የምትበዪው?» አለችኝ።

«ከእትዬ ዘነበች ጋር» አልኳት።

«ጥሩ» አለች፣ እፎይ እንዳለ ሰው።

ውሸቴን ነው። እትዬ ዘነበችን ልጃቸው ደሴ ከወሰዳቸው ቆየ። ያን ግን ልነግራት አልቻልኩም።

በሐዋ አልተቀየምኩም፤ በቦታዋ ብሆን እኔም ዝም የምል አይመስለኝም። እህቴም አርብ አርብ ትደውልልኛለች፤ ስለዚያ ጉዳይ አናወራም። ሂክማ ባለችበት መሆኗ ትክክል ነው፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ዛሬም ሱቄን እዘጋለሁ፣ ሳህኔን ይዤ ከመጋረጃው ኋላ እቀመጣለሁ፣ ሁለት ሦስቴ እጎርስና እነሳለሁ።